የጃፓን ዘፈን በድሬ ትንፋሽ

የጃፓን ዘፈን በካራኦኬ ልትሞክሩ ካሰባችሁ ዝነኛውን ተዉትና ቀርፋፋውን ያዙ። ምክሬ ይኸው ነው። የቀረው ዝርዝር ነው፤ ዝርዝሩ ግን ይጥማል።

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር አካባቢ አንድ ጓደኛችን ቤት እንሰበሰባለን። ካራኦኬ ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። አንድ ቴሌቪዥን፣ ከከተማችን ታይዋን ገበያ የተገዛ ብሉቱዝ ማይክ፣ ከዩቲዩብ የሚገኝ የዘፋኙ ድምፅ የወጣለት ሙዚቃ። ሙቀቱ በረድ ሲል ፈጢራችንን በልተን፣ ሻያችንን ይዘን እንጀምራለን። የጃፓን ነገር ከየት መጣ ለምትሉ፣ የኛ ዕድሜ የድሬ ልጅ የአረብ ጣቢያ በዲሽ እያየ ነው ያደገው። የኳስ ካርቱኑ ካፒቴን ማጂድ እውነተኛ ስሙ ፁባሳ፣ አገሩም ጃፓን መሆኑን ያወቅነው ጺም ካበቀልን በኋላ ነው። አኒሜው፣ የጃፓን ካርቱኑ ማለት ነው፣ በዚያ ገባ፣ ዘፈኑ ተከተለ።

ድምፄ አይሆንም ብሎ ጥግ የሚይዝ ሰው ሁሌም አለ። የካራኦኬ ማሽን ሲነሳ ስሙ የሚጠራው ዳይሱኬ ኢኖዌ ኮቤ ከተማ ውስጥ መጠጥ ቤት እየዞረ ደንበኞች ሲዘፍኑ የሚያጅብ ሙዚቀኛ ነበር፤ በ1971 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ማሽኑን የሠራው ዘፋኝ ላልሆነ ሰው ነው። የባለቤትነት መብት እንኳ አላስመዘገበም። እና አትፈሩ።

አሁን ወደ ምርጫው። አዲስ የመጣ ሁሉ መጀመሪያ የሚዘለው ዮአሶቢ ወደሚባለው የጃፓን ቡድን ነው። የ2023ቱ «አይዶል» አሜሪካን ሳይጨምር በሚወጣው የቢልቦርድ ዓለም አቀፍ ሰንጠረዥ አንደኛ የሆነ የመጀመሪያው የጃፓን ዘፈን ነው፤ ሲሰሙት ደስ ይላል። ሳሎን ውስጥ ግን ገዳይ ነው። ቃሉ በነፍስ ውጪ ነፍስ ግቢ ይሮጣል፣ መሃል ላይ ራፕ ይገባል፣ ድምፁ ድንገት ሽቅብ ይወጣል፣ እናንተ ሁለተኛውን ስንኝ ስትፈልጉ ስክሪኑ አራተኛው ላይ ደርሷል። ማይኩን ለጎረቤት አቀብሎ ውሃ መጠጣት ብቻ ነው።

ወደ ኋላ ሂዱ። ክዩ ሳካሞቶ በ1961 የዘፈነውን «ኡዌ ኦ ሙይቴ አሩኮ»ን ያዙ። እንባው እንዳይወርድ ቀና ብሎ ስለሚሄድ ሰው ነው። ፈረንጆች ስሙ ቢከብዳቸው «ሱኪያኪ» አሉት፤ የሥጋ ምግብ ስም ነው፣ ከዘፈኑ ጋር ምንም አያገናኘውም። በዚያ ስም በ1963 የአሜሪካ አንደኛ ሆነ። እኛ ቤት ማንም ጃፓንኛ የማያውቅ ሰው በሁለተኛው ዙር አብሮ ያንጎራጉረዋል፣ ምክንያቱም አለው። ጃፓኖች ዮናኑኪ የሚሉት ስኬል (ቅኝት) አላቸው፤ ከሰባቱ ድምፆች አራተኛውንና ሰባተኛውን የሚዘል። የቀሩትን አምስቱን በክራር ምቷቸው። ትዝታ ነው! ሐዘን ያለበት ወንድሙም ከኛው ትዝታ ማይነር ጋር አንድ ነው። የሳካሞቶ ዜማ በአብዛኛው እዚያው ውስጥ ይንሸራሸራል። ኤንካ የሚሉት የድሮ ዘፈናቸውማ ድምፅ አወዛወዙ ሳይቀር ጉሮሯችንን ያውቀዋል።

የጓደኛችን አባት፣ ጋሼ እንበላቸው፣ ከሳሎኑ በር ላይ ሆነው የሰሙ ጊዜ «ይሄማ የኛ ነው» ብለው የጥላሁን ገሠሠን «ጃፓኗን ወድጄ» ከላይ ጫኑበት። አልገጠመም ልላችሁ ነበር። ገጠመ።

ቃሉን ደግሞ በላቲን ፊደል አታንብቡት። ይህን አጥብቄ ነው የምለው። ጃፓንኛ አምስት አናባቢ ብቻ ነው ያለው፣ ካ ኪ ኩ ኬ ኮ፣ አለቀ። ግዕዙ «ከ» ሥራ ፈቶ ይቀመጣል። በፊደላችን ስትጽፉት አንዱ የጃፓን ፊደል አንዱን የኛን ፊደል ይይዛል፣ ዘፈኑም በአብዛኛው ለአንድ ፊደል አንድ ድምፅ ስለሚሰጥ ወረቀቱን እያዩ ምቱን መቁጠር ይቻላል። ሳድስ የሚያስፈልገው «ን» ላይ ነው፣ እዚያ ላይ ነው ሰው የሚወድቀው። በድሮዎቹ ዘፈኖች በተለይ «ን» ብቻዋን አንድ ምት ትይዛለች። «ጎሜን» ሁለት አይደለም፣ ጎ፣ ሜ፣ ን ነው። እሷን የዋጠ ሰው እስከ ስንኙ መጨረሻ አንድ እርምጃ ቀድሞ ይሄዳል። እኛ በወረቀቱ ላይ «ን»ን በቀይ እስክሪብቶ እናከብባታለን። ማጥበቅና ማላላት ግን የኛ ግዛት ነው፤ «ኪቴ» ሲላላ ና ማለት ነው፣ ሲጠብቅ የፖስታ ቴምብር። የበዓሉን ገና ከሌላው ገና በአፉ የሚለይ ሰው ይህ አይከብደውም፤ ፈረንጅ ይሰቃይበታል።

መብራት ሲሄድ (ይሄዳል) ቴሌቪዥኑ ይጠፋል፣ ያኔ ሺሪቶሪ እንጫወታለን። የጃፓን ልጆች የቃል ቅብብል ነው። አንዱ ስም ይጠራል፣ ቀጣዩ በመጨረሻዋ ፊደል የሚጀምር ስም ያመጣል። ሪንጎ፣ ጎሪራ፣ ራፓ፤ ፖም፣ ጎሪላ፣ ጥሩምባ እንደማለት ነው። የተጠራ አይደገምም። በ«ን» የሚያልቅ ቃል የጠራ ተሸነፈ፣ ምክንያቱም በነሱ ቋንቋ በ«ን» የሚጀምር ቃል የለም ማለት ይቻላል።

በዘፈን ርዕስ ስትጫወቱት ደግሞ ምርጫው ይገለበጣል። ኬንሺ ዮኔዙ በ2018 ያወጣው «ሌሞን» ለካራኦኬ ግሩም ነው፣ ለቅብብሉ ሞት ነው፤ በ«ን» ያልቃል። ለቅብብል የሚሆኑት እነ «ናዳ ሶሶ» ናቸው። የኦኪናዋዋ ሪሚ ናፁካዋ ናት ያስወደደችው፣ በጃፓን አጻጻፍ መጨረሻው «ኡ» ነው። ከዚያ «ኡዌ ኦ ሙይቴ አሩኮ»፣ እሱም በ«ኡ» ያልቃል። ከዚያ «ኡቺያጌ ሃናቢ»፣ የርችት ዘፈኑ፣ እና ቀጣዩ ሰው «ቢ» ይፈልግ። ተንኮለኛ ሰው «አይዶል» ይልና ይጠብቃል። ጃፓኖች «ር» እና «ል»ን ስለማይለዩ በ«ሩ» መቀጠል አለባችሁ፣ ቶሎ የሚመጣላችሁ የዩሚ አራይ የ1975ቱ «ሩጁ ኖ ዴንጎን» ነው፣ ደስ ብሏችሁ ትጮኻላችሁ፣ እሱ ደግሞ በ«ን» ያልቃል። ዋሪያ፣ ውጣ!

በአማርኛም ሞክረነዋል። ቃላችን አብዛኛው በሳድስ ስለሚያልቅ በቤተሰቡ ነው የምንይዘው፤ «ር» ላይ ካለቀ ከረ እስከ ሮ ይፈቀዳል። ድሬዳዋ፣ ወንበር፣ ሩዝ፣ ዝሆን፣ ንብ፣ ባጃጅ፣ ጀበና። እንደምታዩት ጃፓንን የሚገድለው «ን» እኛን ምንም አያደርገንም። የኛ ገዳይ «ኛ» ነው። በሱ የሚጀምር ስም እስካሁን ማንም አላመጣም። ጓደኛ ያለ ወጣ፣ ሞተረኛ ያለ ወጣ፣ አማርኛ ያለም ወጣ። ኦሮምኛና ሶማልኛም አያድኑም፣ የሦስት ቋንቋ ከተማ ልጅ በሦስቱም ስም ይወጣል።

ያልተስማማንበት አንድ ነገር ብቻ ነው። አንዷ «ንጉሥ» አለች፣ ቀጣዩ «ሰማይ» አለ፣ ጋሼ የቄስ ትምህርት ቤት ፊደል የቆጠሩ ናቸውና ከመኝታ ቤታቸው ሆነው «አይሆንም!» አሉ። ንጉሥ በንጉሡ ሠ ነው የሚጻፈው፣ ሰማይ በእሳቱ ሰ። «ሠርግ በል፣ ሠራዊት በል፣ ሠዓሊ በል» አሉት። ልጁ «አቦ ጋሼ፣ ድምፁ እኮ አንድ ነው» ቢልም የሚሰሙት አልሆኑም። ስለዚህ እሳቸው ቤት ካሉ በንጉሡ ሠ እንጫወታለን። ወጣ ያሉ እንደሆነ ሁለቱም አንድ ናቸው።