አፌ ሌሊት ለምን ይከፈታል

ሲፓፑን (በእንቅልፍ ትንፋሽ ለሚቋረጥበት ሰው በማስክ አየር እየነፋ ጉሮሮውን ከፍቶ የሚይዘውን ማሽን) ከጀመርኩ ወዲህ ማንኮራፋቱ ቆሟል፣ ባለቤቴም ትንፋሽህ ጠፋ እያለች መቀስቀሷን ትታለች፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ያስቸገረኝ አፌ ነው። ማስኬ አፍንጫ ላይ ብቻ የሚገባው ዓይነት ስለሆነ ተኝቼ አፌ ሲከፈት ጉሮሮዬን ከፍቶ መያዝ የነበረበት አየር በአፌ ይወጣል፣ ግፊቱ ይወርዳል፣ ጉሮሮዬ መልሶ ይዘጋል፣ ጠዋት ምላሴ ላንቃዬ ላይ ተጣብቆ እነሳለሁ። የማሽኑ ስክሪን ላይም ሊኩ (የሚያፈተልከው አየር) ከፍ ብሎ፣ በሰዓት ከ5 በታች መሆን የሚገባው የትንፋሽ መቋረጥም አልፎ ይታያል።

ባለቤቴ አገጭህን እንሰረው ብላ በነጠላ ስታስርልኝ እናቴ አየችና ደነገጠች። "በስመአብ! አገጭ የሚታሰረው ለሞተ ሰው ነው፣ ፍታው ልጄ" አለችኝ እንባዋ መጥቶ። ወዲያው ፈታሁት፣ እሷን አስከፍቼ የሚመጣ እንቅልፍ ይቅርብኝ፣ ደግሞም አገጭ ቢታሰር አየሩ በከንፈር መሀል ይወጣል።

አፍ ላይ ፕላስተር ለጥፎ መተኛትም ሰሞኑን ቪዲዮ ላይ በዝቷል። እኛ ሱሉልታ ግን መብራት እንዴት እንደሚጠፋ እናውቃለን፣ ማሽኑ ቆሞ፣ አፍንጫ ማስክ ውስጥ ሆኖ፣ አፍ ታሽጎ? እባካችሁ አታድርጉት።

ነገሩ የገባኝ የአንገት በላይ ሐኪሟ ስታየኝ ነው። አፌ የሚከፈተው አፍንጫዬ ስለሚታፈን ነው ለካ። እዚህ ከእንጦጦ ጀርባ በጋ ላይ አየሩ ቀዝቃዛም ደረቅም ነው፣ አቧራውን ተዉት፣ በዛ ላይ ማሽኑ ሌሊቱን ሙሉ ሲነፋበት አፍንጫ ውስጡ ያብጣል። ስለዚህ ከመኝታ በፊት በኖርማል ሳላይን (ለዚሁ በተዘጋጀ የጨው ውሃ) አጥበዋለሁ፣ ያዘዘችልኝን ስፕሬይ እነፋለሁ (በአንድ ቀን አይሰራም፣ መታገስ ነው)፣ ሂውሚዲፋየሩን (ውሃ አሙቆ የማሽኑን አየር የሚያረጥበውን ክፍል) ከፍ አደርጋለሁ፣ የሚገባበትም ዲስቲልድ (ተንኖ የተጣራ) ውሃ ብቻ። እናቴ ባህር ዛፍ ጨምርበት ብላኝ ነበር፣ እሱ ውስጥ ከውሃ ሌላ ምንም አይገባም፣ ለብቻው በድስት አፍልታ ታጥነኛለች፣ እሷም ደስ ይላታል እኔንም ቀለል ይለኛል።

አሁን አብዛኛውን ሌሊት አፌ ገጥሞ ያድራል። ጉንፋን ሲይዘኝ ግን አፍም አፍንጫም የሚሸፍነውን ፉል ፌስ ማስክ አደርጋለሁ፣ እሱ ማሽኑ ቢቆም የውጭ አየር የሚያስገባ ቫልቭ አለው። የቀረኝ የመብራቱ ጉዳይ ነው፣ የሂውሚዲፋየሩ ማሞቂያ ብዙ ኃይል ስለሚበላ ባትሪ ላይ ስሆን እሱን አጥፍቼ ማሽኑን ብቻ ማሰራቱ ይሻላል ባይ ነኝ።