ቁመቱን አትመኑ፦ የቡድኔን አዲስ ምልምሎች እንዴት እንደመዘንኩ

የቡድኔን ስም አልጠራም። ልጄ የተማረችበት ትልቅ የስቴት ዩኒቨርሲቲ ነው። የትምህርት ክፍያውን ከፍዬ ስጨርስ ለእኔ የተረፈኝ የአሜሪካ ፉትቦሉ ነው። ስሙን የማልጠራው ከታች የማማርራቸው ሰዎች ስላሉ ነው። ይህን የምጽፈው ደግሞ በየዓመቱ ዲሴምበር የመጀመሪያው ረቡዕ ሲደርስ፣ የሃይስኩል ልጆች ለኮሌጅ ቡድኖች የሚፈርሙበት፣ የምልመላ ገጾችም ቡድኖቹን በምልምሎቻቸው ደረጃ የሚያወጡበት ዕለት ማለት ነው፣ "ስንተኛ ወጣን?" እያለ ለሚደውልልኝ ወዳጅ ሁሉ ነው። ስንተኛ እንደወጣን ማወቅና ማን እንደመጣልን ማወቅ ለየቅል ናቸው። እኔ ይህን የነገረኝ ሰው ስላልነበረ ለፍቼ ነው ያወቅኩት።

ቀላሉን ቶሎ ልለፈው። በዲሴምበር 2024 የፈረሙትን ልጆች ስም፣ ቦታ፣ ቁመትና ክብደት ከዩኒቨርሲቲው ገጽ ላይ ወስጄ ኤክሴል ላይ ጻፍኩ። ከጎኑ ደግሞ ማን እንደሚመረቅና ማን ወደ ኤንኤፍኤል፣ ወደ ፕሮፌሽናል ሊጉ፣ እንደሚሄድ ጻፍኩ። አንድ ምሽት ይበቃል።

ሁለተኛዋን ዝርዝር ግን እንዳትንቋት። ብዙ ሰው የሚያየው የሚመጣውን ብቻ ነው። የሚሄደውን ካላያችሁ፣ አዲሱ ልጅ ክፍት ቦታ ይሙላ ወይ ከሌላ ልጅ ኋላ ተሰልፎ ሁለት ዓመት ይቀመጥ አታውቁም። የእኛ አሰልጣኞች ያን ዓመት ያስፈረሟቸው ዋይድ ሪሲቨሮች፣ ኳስ ተቀባዮቹ፣ ለአንድ ሠርግ ሚዜነት ይበቃሉ። ኳስ ወርዋሪውን ኳርተርባክ የሚጠብቀው ኦፌንሲቭ ላይን ላይ ግን ከሚሄዱት የሚመጡት ያንሱ ነበር። ስለዚህ ነገር በቴሌቪዥን የተናገረ የለም። ሪሲቨር ለቲቪ ያምራል፣ ላይንማን አያምርም።

የምልመላ ገጾች ለልጆቹ ስለሚሰጡት ኮከብም ትንሽ ልበል። "ኮከብ ውሸት ነው" የሚሉ አሉ፣ አልስማማም። ከገጾቹ አንዱ፣ 247 ስፖርትስ፣ በዓመት አምስት ኮከብ የሚሰጠው ለ32 ልጆች ያህል ነው፤ ቁጥሩ ከኤንኤፍኤል ድራፍት (ቡድኖቹ በየዓመቱ አዲስ ተጫዋች በተራ የሚመርጡበት) የመጀመሪያ ዙር ጋር እንዲመጣጠን ታስቦ ነው። ከእነዚህ ልጆች ድራፍት የመግባት ዕድል ያለው ስንቱ ነው ቢባል፣ በመቶኛ ሲሰላ ባለ ሦስት ኮከቦቹ አጠገባቸው አይደርሱም። ሰው ሁልጊዜ በኤንኤፍኤል ስም ያተረፈውን ጄጄ ዋትን ይጠራል፣ ባለ ሁለት ኮከብ ነበር ይላል። ኳርተርባኩን ጆሽ አለንን ይጠራል፤ እውነትም ከሃይስኩል ሲወጣ ትልቅ ኮሌጅ ስላልፈለገው ሪድሊ የሚባል የሁለት ዓመት ኮሌጅ ገብቶ፣ ከዚያ ወደ ዋዮሚንግ ሄዶ ነው በ2018 ድራፍት ሰባተኛ የተመረጠው። ግን ስማቸውን የምናስታውሰው እንደነሱ ያለ ጥቂት ስለሆነ አይደል?

እኔ የማላምነው የቡድኑን ደረጃ ነው። ስሌቱ ምርጡን ልጅ ከፍ አድርጎ ይቆጥርና ወደ ታች በወረደ ቁጥር የሚጨምረው ነጥብ እያነሰ ይሄዳል። መጨመሩን ግን አያቆምም። ስለዚህ 28 ልጅ ያስፈረመ ቡድን፣ ጥራታቸው እኩል የሆነ 18 ልጅ ካስፈረመው በላይ ይቀመጣል። የእያንዳንዱን ልጅ አማካይ ነጥብ እዩ፤ እዚያው ገጽ ላይ አለ። የሚያየው የለም እንጂ።

እንግዲህ ወደ ጉዱ። ቁመትና ክብደት።

የክላሱ፣ የዚያ ዓመት ምልምሎች ማለት ነው፣ ፈርጥ የተባለ አንድ ልጅ ነበር። ባለ አራት ኮከብ፣ ሌፍት ታክል። የዩኒቨርሲቲው ማስታወቂያ 6 ጫማ ከ6 ኢንች፣ 305 ፓውንድ ይላል። አሰልጣኙ በጋዜጣዊ መግለጫው ላይ ስለዚህ ልጅ ሲናገር ፊቱ በርቶ ነበር። እኔም ደስ አለኝ። ክፍተታችን እዚያው ነበራ። ኳርተርባኩ በቀኝ እጁ የሚወረውር ከሆነ ለመወርወር ሲዘጋጅ ጀርባው ወደ ግራ ነው፤ ከዚያ በኩል የሚመጣበትን አያይም። ሌፍት ታክል የሚከፈለው ያን ለማስቆም ነው። የሚመጣው ሰው ደግሞ 260 ፓውንድ ሆኖ እንደ አጋዘን የሚሮጥ ነው፤ ረጅም ክንድ ከሌለህ ሳትነካው ያልፍሃል። ኤንኤፍኤል ውስጥ ለታክል 33 እና 34 ኢንች ክንድ የሚፈለገው ለዚህ ነው። ልጁ ሁለት ኢንች ካጠረ ወደ ውስጥ ገብቶ ጋርድ ይሆናል። ጋርድ መጥፎ አይደለም። ግን ክፍት የሆነው ቦታ እንደተከፈተ ይቀራል።

ቪዲዮውን ሳይ የሆነ ነገር አልጥም አለኝ። ከአጠገቡ የቆሙት ልጆች ያን ያህል አያንሱትም። አሰልጣኞች "ፊልሙን እዩ" ይላሉ፤ ነገር ግን ልጆቹ ራሳቸው የሚለቁት ሃይላይት ምርጥ ምርጡ የተለቀመበት ነው፣ የወደቀባትን አያስገባም። ሙሉ ጨዋታ ፈልጋችሁ እዩ። ብዙ ሃይስኩሎች ጨዋታቸውን በኢንተርኔት ያስተላልፋሉ፣ ትንሽ ያስከፍላሉ፣ ካሜራው ይንቀጠቀጣል፣ ግን እውነቱ እዚያ ነው።

ከዚያ አንድ ዘዴ መጣልኝ፤ እስካሁን የምኮራበት ነው። ልጁ ክረምት ላይ ትግል ይወዳደራል። በሃይስኩል ትግል ትልቁ ክብደት 285 ፓውንድ ነው፣ ሚዛን ላይ ወጥቶ ከዚያ ያለፈ አይታገልም። ዲሴምበር ላይ 305 ነው የተባለው ልጅ ፌብሩዋሪ ላይ በስቴቱ ውድድር ውጤት ውስጥ ስሙ አለ። ለትግሉ ብሎ ሃያ ፓውንድ ቀንሶ ሊሆን ይችላል፣ ይሁን። ግን የትምህርት ቤቱ ባስኬትቦል ሮስተር (የተጫዋቾች ዝርዝር) ላይ ደግሞ 6 ከ4 ተብሎ ተጽፏል። ባስኬትቦል ተጫዋች ቁመቱን ቀንሶ ሲያስጽፍ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

እንግዲህ መጠየቅ ነው ብዬ ለዩኒቨርሲቲው አትሌቲክስ ክፍል ጻፍኩ። በትህትና። "የተጻፈው ቁመት በእናንተ የተለካ ነው ወይስ ከሌላ የተወሰደ?" ነው ያልኩት። መልስ የለም። ከዚያ ስልክ ተደወለ። ደስ ብሎኝ አነሳሁ። የወቅቱን ትኬት ልትገዛ ፈልገሃል ወይ አሉኝ። አልፈለግኩም፣ ቁመት ነው የጠየቅኩት አልኩ። ስሜና ኢሜይሌ የገባው የሽያጭ ዝርዝር ውስጥ ነው መሰለኝ፣ በየጊዜው ሌላ ወጣት እየደወለ ስለ መቀመጫ ያስረዳኛል። አንዱን "ልጄ፣ የልጁን ቁመት ጠይቀህ ብትነግረኝ ትኬቱን እገዛለሁ" አልኩት። ሳቀ። እኔ አልቀለድኩም ነበር።

በመጨረሻ ራሴ ደወልኩ። አንዲት ሴት አነሳችና ቁመቱ የሚመጣው ከልጁ ሃይስኩል ነው አለችኝ። ሃይስኩሉ ዘንድ ደወልኩ። እዚያ ያለው ሰውዬ ደግሞ እነሱ ከምልመላ ገጾቹ ላይ እንደሚወስዱት ነገረኝ። የምልመላ ገጾቹ ደግሞ ከየት ይወስዳሉ? ካምፕ ላይ ራሳቸው የለኩት ካልሆነ በቀር፣ ልጁ ወይ አሰልጣኙ የነገራቸውን ነው የሚጽፉት። ማለት ልጁን ሜትር ይዞ የለካው የለም! ሚሊዮኖች የሚንቀሳቀሱበት ሥራ ነው እንግዲህ። አንድ ወዳጄ ይህን ስነግረው "አንተ ሰውዬ፣ ልጅህን ልትድርለት ነው እንዴ ቁመቱን የምታጣራው?" አለኝ። ግሩፓችን ውስጥ እስካሁን መሳቂያ ነኝ።

በዓይኔ አየዋለሁ ብዬ የስፕሪንግ ጨዋታውን፣ ቡድኑ በደጋፊ ፊት እርስ በርሱ የሚጫወትበትን ቀን፣ ጠበቅኩ። ተሰረዘ። በ2025 የጸደይ ወቅት ብዙ ቡድኖች ይህን አድርገዋል፤ የነብራስካው አሰልጣኝ ማት ሩል ልጆቻችንን ሌሎች አይተው ያባብሉብናል ብሎ በግልጽ ተናግሯል። የእኛዎቹ ምክንያትም አልሰጡም። የደጋፊ ቀን ያልነበረ ያህል ድምፁ ጠፋ።

ኦገስት ላይ የወቅቱ ሮስተር ወጣ። 6 ጫማ ከ4 ኢንች፣ 288 ፓውንድ። ቦታ፦ ጋርድ። ምንም ማብራሪያ የለም፣ ስምንት ወር ሙሉ ሁለት ኢንች የዋሸ ተቋም ይቅርታ እንኳ አይልም። የዲሴምበሩ ማስታወቂያ ገጽ ላይ ደግሞ ልጁ ዛሬም 6 ከ6 ነው። ልጁ ላይ ቅሬታ የለኝም፤ በአሥራ ሰባት ዓመቱ ማን ቁመቱን አልጨመረም። ጥሩ ጋርድ ይወጣዋል። እኔን የሚያናድደኝ ሌፍት ታክል አግኝተናል ብለው ትኬት የሸጡት ናቸው።

ስለዚህ ምክሬ ይኸው፦ ከዩኒቨርሲቲው ማስታወቂያ ላይ ስሙን ብቻ ውሰዱ። ቁመት ከሆነ ካምፕ ላይ የተለካ መሆኑ ተለይቶ የተጻፈውን ፈልጉ፤ ካጣችሁ ደግሞ ለላይንማን ሁለት ኢንች ቀንሱ። ፍጥነት ከሆነ የ40 ያርድ ሰዓት የሚባለውን ጨርሶ እርሱት። አሰልጣኙ ራሱ በእጁ የያዘው ሰዓት ነው። የልጁን የ100 ሜትር ውጤት ፈልጉ፤ የሃይስኩል ትራክ ውጤት ኢንተርኔት ላይ ሞልቷል። በኤሌክትሮኒክ የተያዘ መሆኑን እዩ፤ በእጅ ከተያዘ 0.24 ሰከንድ ጨምሩበት። የነፋሱንም እዩ። እኛ እኮ ሩጫ እያየን ያደግን ሕዝብ ነን፣ በሰዓት ጉዳይ እንኳ ልንታለል አይገባም።

ፖርታሉን፣ ተጫዋቾች ኮሌጅ ለመቀየር የሚመዘገቡበትን፣ ብዙ አላወራም፣ ሁሉም ያወራዋል። ከ2018 ጀምሮ አለ፤ ከ2021 ወዲህ ልጆች አንድ ጊዜ ቀይረው ወዲያው መጫወት ተፈቀደላቸው፣ ከ2024 ወዲህ ደግሞ የፈለጉትን ያህል። ይህ ለክላሱ ምን ማለት እንደሆነ ኢንዲያና አሳይቷል። አሰልጣኙ ከርት ሲግኔቲ ከቀድሞ ዩኒቨርሲቲው ከጄምስ ማዲሰን የሚያውቃቸውን ልጆች ይዞ መጥቶ በ2024 በመጀመሪያ ዓመቱ መደበኛውን ወቅት 11 አሸንፎ 1 ተሸንፎ ጨረሰ። የሃይስኩል ምልምሎቹን ደረጃ ብቻ ያየ ሰው ይህን አይተነብይም ነበር። ስለዚህ ዲሴምበር ላይ ለክላሱ ውጤት አትስጡ፤ ጋዜጠኞቹ በዚያው ዕለት ኤ እና ቢ ሲያድሉ አትስሟቸው። ጃንዋሪ ላይ ፖርታሉ ሲዘጋ አብራችሁ መዝኑ። የእኛም ሌፍት ታክል በመጨረሻ የመጣው ከዚያ ነው፣ በገንዘብ። ከጁላይ 2025 ጀምሮ አንድ ዩኒቨርሲቲ ለስፖርተኞቹ በቀጥታ መክፈል ይችላል፤ የመጀመሪያው ዓመት ጣሪያ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ለሃይስኩል ልጅ የሚወጣው ብርና ለፖርታል ልጅ የሚወጣው ከአንድ ኪስ ነው። ሮስተሩም 105 ላይ ተቆርጧል። አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል።

ደግሞም ፊርማ አያስደስታችሁ። ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም በ2022 ያስፈረመው ክላስ 247 ስፖርትስ እስከዚያ ድረስ ከመዘናቸው ሁሉ ከፍተኛውን ነጥብ ያገኘ ነው። በዚያው ዓመት ቡድኑ 5 አሸንፎ 7 ተሸንፎ ጨረሰ። በኖቬምበር 2023 አሰልጣኙን ጂምቦ ፊሸርን ከ75 ሚሊዮን ዶላር በላይ ዕዳ ተሸክመው አሰናበቱት። ከዚያ ክላስ ዋልተር ኖለን ወደ ኦል ሚስ፣ ኢቫን ስቱዋርት ወደ ኦሪገን ሄዱ፤ ሌሎቹም ተበተኑ።

እኔ አሁን የያንዳንዱን ዓመት ፋይል አስቀምጬ በሦስተኛው ዓመት እከፍተዋለሁ። የማይጠቅም የሚመስል ሥራ ነው፣ ግን አሰልጣኞቹ ማንን ማሳደግ እንደሚችሉ የሚያሳየው እሱ ብቻ ነው። የ2023ቱን ክላስ ባለፈው መከር ከፈትኩት። በግሩፓችን ስንዘፍንላቸው ከነበሩት ሪሲቨሮች አንድም የለም፣ ሁሉም ፖርታል ገብተዋል። ሪሲቨር የሚከላከሉት ኮርነርባኮች ደህና ናቸው። ያኔ "ለሎንግ ስናፐር ደግሞ ስኮላርሺፕ ይሰጣል እንዴ!" ብለን የሳቅንበት፣ ኳሷን በእግሮቹ መሃል ወደ ኋላ ከመወርወር ሌላ ሥራ የሌለው ልጅ ግን አለ። በየጨዋታው ይገባል።