ሳይፈረም የቀረ የስምሪት ወረቀት

የቀድሞው ፕሬዚዳንት ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ ያረፉት ሚያዝያ 19 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ ለፋሲካ ዋዜማ ነው። ለሕክምና ጀርመን ሄደው እዚያው ቀሩ። ሰኞ ቢሮ ስንገባ የሾፌሮች ማረፊያ ለቅሶ ቤት መስሏል። ስለ በዓሉ ያነሳ ሰው አልነበረም።

እኔ የነዳጅ ኩፖን ክፍል ነኝ። ጠረጴዛዬ ከስምሪት ኃላፊያችን ፊት ለፊት ነው። ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። ጡረታቸው የደረሰ፣ ድምፃቸው የማይሰማ ሴት ናቸው።

አንድ በቅርቡ የተቀጠረ ልጅ፣ "ግን ምን ሠርተው ነው? ፕሬዚዳንትነት እኮ እንግዳ መቀበል ነው" አለ። ጥያቄው ተገቢ ነው። አገር የሚያስተዳድረው ጠቅላይ ሚኒስትሩ ነበር። ሕገ መንግሥቱን ያጸደቀውን ጉባኤ የመሩትም ዶክተር ነጋሶ ናቸው። የሥርዓቱ ሰው ነበሩ ብሎ የሚወቅሳቸው አለ፣ መብቱ ነው።

የመለሰለት አንጋፋው ሾፌር ነው። "ልጄ፣ ወንበር ላይ የወጣ ብዙ አይቻለሁ። ከወንበር ወርዶ ሚኒባስ ታክሲ የተሳፈረ ግን እሳቸውን ነው።"

እውነቱን ነው። ዶክተር ነጋሶ ከ1987 እስከ 1994 ፕሬዚዳንት ነበሩ። ከድርጅታቸው ጋር ሲጣሉ አፋቸውን ዘግተው መቀመጥ ይችሉ ነበር። የዚያን ጊዜው ሕግ ለቀድሞ ፕሬዚዳንት ከፖለቲካ እስከራቀ ድረስ ቤትም መኪናም ሕክምናም ይሰጠው ነበር። እሳቸው በ1997 ምርጫ ደምቢ ዶሎ ላይ በግል ተወዳደሩ፣ አሸንፈውም ፓርላማ ገቡ። ጥቅማ ጥቅሙ ተቋረጠባቸው። የአገር ርዕሰ ብሔር የነበረ ሰው ከእኛ ጋር ታክሲ ተጋፋ። ሕዝብ ይህን አይረሳም።

ወሬው ሳያልቅ የአንድ ኃላፊ ሾፌር ወረቀት ይዞ ገባ። የቢሮው ኮድ 4 መኪና በዓሉን ከከተማ ውጭ ነበር የከረመው።

"እትዬ፣ ቀኑን ወደ ኋላ አድርገው ይፈርሙልኝ።"

"ለምን ሥራ ወጥቶ ነው?"

"ለመስክ ይበሉት።"

"በስቅለትና በፋሲካ የምን መስክ ነው ልጄ?"

ልጁ አንገቱን ደፋ። ጥፋቱ የእሱ አይደለም፣ የታዘዘውን ነው ያመጣው። እትዬ ወረቀቱን መለሱለት። "'የግል ጉዳይ' ብለው ይጻፉና እፈርማለሁ በልልኝ" አሉ። ስልክ ተደወለ፣ ቢሮ ተጠሩ፣ ሄደው ተመለሱ። አልፈረሙም። እኔም ያለ ስምሪት ወረቀት የነዳጁን ኩፖን ማወራረድ ስለማልችል አላወራረድኩም።

ያን ቀን አንድ ነገር ገባኝ። ሰው ለነጋሶ የሚያለቅሰው ለእሳቸው ብቻ አይደለም። በየመሥሪያ ቤቱ በሕዝብ ነዳጅ በግ ሲጫን እያየ ዝም የሚል ሠራተኛ ሁሉ፣ "ይቻል ነበር ለካ" ብሎ ነው የሚያለቅሰው። ቁጭት አለበት። እንደ እሳቸው ያለ ሰው ብርቅ ባይሆንብን ኖሮ ሐዘናችን እንዲህ ባልበረታ ነበር ብዬ አምናለሁ።

በቀጣዩ በጀት ዓመት እትዬን ወደ መዝገብ ቤት አዛወሯቸው። ደብዳቤው "ለሥራው አመቺነት" ይላል። ምንም አላሉም፣ ዕቃቸውን ሰብስበው ወረዱ። ያ አዲሱ ልጅ ነው ካርቶኑን የተሸከመላቸው። ሲመለስ አጠገቤ ተቀምጦ፣ ዶክተር ነጋሶ ታክሲ የሚይዙት የት አካባቢ እንደነበር ጠየቀኝ።