የሳጅን አፍንጫ

ሳጅናችን የትንፋሽ አልኮል መለኪያ አይወድም። «እኔ አፍንጫ አለኝ» ይላል። እውነቱን ለመናገር አፍንጫው የሚናቅ አይደለም። አንዴ አንዱን ባጃጅ ነጂ «ጠጅ ላይ ቢራ ደርበሃል» ሲለው ልጁ ክው ብሎ አምኗል። ስለዚህ ያን ሌሊት ስከራከረው ከማን ጋር እንደገጠምኩ አውቅ ነበር።

ታኅሣሥ ነው፤ ቡና የሚወጣበት ጊዜ። ከጅማ ወደ አዲስ አበባ መውጫው ላይ ቆመናል። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ገደማ ይሆናል። ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል። አንድ አይሱዙ ኬሻውን ቆልሎ መጣ። ባትሪ ስናበራበት ቶሎ አልቆመም። ትንሽ ሄዶ፣ የቀኝ ጎማውን ከአስፋልት አውርዶ፣ ተንፈስ ብሎ ቆመ።

መስኮቱን ሲያወርደው አረቄው ቀድሞ ወጣ። እኔም በተራ አፍንጫዬ ሸተተኝ።

«እንደምን አመሸህ ኮማንደር» አለኝ።

ሾፌር ማዕረግ አይቆጥብም። እኔ ግን ያኔ ገና ኮንስታብል ነበርኩ።

«ሰማኸው?» አለ ሳጅን። «አንተን ኮማንደር አለህ። በቃ ሰክሯል።»

ሰውየው ወረደ። ዓይኑ ቀልቷል። ግራ ጉንጩ አብጦ በመዳፉ ደግፎታል። ምላሱ ይተሳሰራል። «ጥርሴ ነው ኮማንደር። ሕመሙ ሊገድለኝ ነው። አሁን እዚህ ከተማ ውስጥ አረቄ ገዝቼ ተጉመጥምጬ ተፋሁት። አንድ ጉንጭ አልዋጥኩም።»

ሳጅን ሳቀ። በዚህ መንገድ ስንት ጥርሱን ያመመው ሾፌር እንዳለፈ ቢቆጠር ከተማው በጥርስ ሐኪም በበለጸገ ነበር፤ ይህን የምለው እኔ ነኝ፣ እሱ ያለው ከዚህ ይብሳል። የሱ ግምት ጨብሲ ነው። ቀን ቅሞ፣ ማታ ምርቃናውን ለመስበር ጠጥቶ፣ መሪ ጨብጦ መጣ።

አዲስ መንፊያ አድርጌ አስነፋሁት። 2.10። ሕጉ የሚፈቅደው በሊትር ደም እስከ 0.8 ግራም ነው። ሳጅን እስክሪብቶውን አወጣ።

«15 ደቂቃ እንጠብቅና እንድገመው» አልኩ።

«ምን?»

«አሁን ከተጉመጠመጠ መለኪያው የሚያነበው አፉን ነው። ደሙን አይደለም። 15 ደቂቃ ቆይቶ ከአፉ ይጠፋል። ከጠጣ ግን የትም አይሄድም። ሰውነት በአንድ ሰዓት የሚያቃጥለው 0.15 ገደማ ቢሆን ነው፤ 2.10 በሩብ ሰዓት አያልቅም።»

ሳጅን እስክሪብቶውን እንደያዘ አየኝ። «አንተ ለማን ነው የምትሠራው?»

ይህቺ ጥያቄ እስከ ዛሬ ታቃጥለኛለች። መልስ ነበረኝ፤ ያኔ ግን አልመጣልኝም። «ሥልጠና ላይ እንዲህ ነው ያሉን» አልኩ። እንደ ተማሪ።

«ሥልጠና ላይ በአንድ እግር ቁሙም ይላሉ አሉ።»

ይላሉ። የአሜሪካ ፖሊሶች የሚጠቀሙበት ፈተና ነው። ተረከዝን ከጣት እያስገጠሙ 9 እርምጃ መሄድ፣ ዞሮ 9 መመለስ፣ ከዚያ በአንድ እግር 30 ሰከንድ። እነሱ ደረቅና ለጥ ያለ ቦታ መርጠው ነው። እኛ ጠጠር ላይ በዱላዬ መስመር አሰመርኩለት። ሰውየው ጉንጩን እንደያዘ ሄደ፣ ዞረ፣ ተመለሰ። በአንድ እግርም ቆመ፣ እንደ ሽመላ። ከእኔ ይሻላል። ሳጅን «የለመደበት ነው» አለ።

ሰዓቴን አየሁና ቆጠራ ጀመርኩ። በ15ቱ ደቂቃ ውስጥ አፍ ውስጥ ምንም መግባት የለበትም። አይበላም፣ አይጠጣም፣ አያጨስም። እኔ ደግሞ ደንብ ላይ ጥብቅ ነኝ።

«አፍህ ውስጥ ያለውን ሁሉ ትፋ» አልኩት።

ዞር ብሎ ከቀኝ ጉንጩ አንድ እፍኝ የሚያህል አረንጓዴ ጫት ተፋ። ውኃ ሰጠሁት፤ ተጉመጥምጦ ተፋ። ጋቢናው ውስጥ ረዳቱ አፉን ከፍቶ ተኝቷል። ዳሽቦርዱ ላይ የተጋመሰ የጫት ፌስታል አለ። አየሁት። ደህና አድርጌ አየሁት። ያኔ ግን ጭንቅላቴ ውስጥ የነበረው አንድ ነገር ነው፤ አፉ ንጹሕ ሆነ፣ አሁን ቁጥሩ አይበላሽም።

ሳጅን ኪሱ ውስጥ ቆሎ ነበረው። 15ቱን ደቂቃ ሙሉ ቆረጠመ። ለእኔ አላቀመሰኝም።

ሾፌሩ ጎማው ሥር ቁጢጥ ብሎ እግሩን ያወዛውዛል። «ኮማንደር፣ ከገባሁ ሦስተኛ ቀኔ ነው» አለኝ። «ጭነት ጠብቅ፣ ተራ ጠብቅ፣ አሁን ደግሞ ትንፋሽ ጠብቅ።» ሳቅኩ። የት ተኝተህ ከረምክ ብዬ አልጠየቅሁትም።

ጊዜው ሲሞላ ሌላ መንፊያ አድርጌ ሰጠሁት። ረዥም አድርጎ ነፋ። መለኪያው አሰበ፣ አሰበ፣ ጮኸ።

0.00።

ሳጅን መለኪያውን ነጠቀኝ። አራገፈው፣ መታ መታ አደረገው። ከዚያ ራሱ ነፋበት። 0.00። ከእኔ በላይ እሱ የተገረመ መሰለኝ።

መንጃ ፈቃዱን መለስኩለት። «እግዜር ይስጥልኝ ኮማንደር» አለና ወጣ። የኋላ መብራቱ እስኪጠፋ ጀርባዬን ለሳጅን ሰጥቼ ቆምኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ረዝሜ አላውቅም።

ስምንት ሰዓት ከሩብ ሲሆን ስልክ ተደወለ። ሰርቦ ሳይደርስ አንድ አይሱዙ ቦይ ገብቷል።

ሄድን። እግዜር ያውቃል፣ ማንም አልተጎዳም፤ ረዳቱ ግንባሩ ተጫረ እንጂ። ሦስት ኬሻ ተቀዶ ቡናው ሣሩ ላይ ተዘርግፏል። የፍሬን ምልክት የሚባል ነገር አስፋልቱ ላይ የለም። ሾፌሩ ቦዩ ጫፍ ላይ ተቀምጧል። እኔን ሲያይ ምን ቢል ጥሩ ነው?

«ጥርሴ ተሻለኝና እንቅልፍ ወሰደኝ።»

መለኪያው ጫት አያነብም። እንቅልፍም አያነብም። 24 ሰዓት እንቅልፍ ያላየ ሰው የሚነዳው በሕጉ ልክ ከሚፈቀደው በላይ እንደጠጣ ሰው፣ 1.0 እንዳለበት ሰው ነው ይባላል። ይህ ደግሞ ሦስት ቀን በጫት የቆመ ነው። ምርቃናው ሲወርድ ነቅቶ ያቆየው የጥርሱ ሕመም ብቻ ነበር። ጫቱን ያስተፋሁት እኔ ነኝ። «እዚሁ ዳር ይዘህ ሁለት ሰዓት ተኛ» ማለት ምን ይከብድ ነበር?

ሳጅን መንገድ ላይ ዝም አለ። ጅማ ስንገባ ግን «አላልኩህም?» አለኝ።

«ሰክሯል ነው ያልከኝ።»

«ሰውየው ልክ አይደለም ነው ያልኩህ።»

አላለም! ቃል በቃል አስታውሳለሁ። በሱ ምክር ብንሄድ ሰውየው ያልጠጣውን ጠጥተሃል ተብሎ ይከሰስ ነበር። እርግጥ ጣቢያ ተኝቶ ያድር ነበር፤ ቡናውም አይደፋም። ይህን ሁለተኛውን ክፍል ለሱ አልነገርኩትም። አያስፈልገውም፤ አዲስ ምልምል በመጣ ቁጥር ሻይ ላይ ራሱ ይተርከዋል። የኔ ስምም «15 ደቂቃ» ሆኖ ቀረ። ራሱ መለኪያው ላይ የነፋበትን ግን ከትረካው አውጥቶታል።

ሾፌሩ በሳምንቱ ጉዳዩን ሊጨርስ ጣቢያ መጣ። ጉንጩ ተስተካክሏል። ጥርሱን አስነቅሎ ጥጥ ነክሷል።

ሳጅን ከወንበሩ ተነሳ። ጠጋ ብሎ አሸተተው። ዓይኑን ጨፍኖ ትንሽ ቆየ።

«ቅርንፉድ» አለ።

ልክ ነበር።