«ትል ነው» ያልኳት ውሻ

ነሐሴ ላይ ነው፤ ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም። ፒያሳ ሊስትሮ የሚሠሩ ሁለት ልጆች አንዲት ቡናማ ውሻ በባጃጅ ይዘው መጡ። ከፋሲል ግንብ አጥር ሥር ነው ያገኘናት አሉ፤ ሦስት ቀን ዳቦ ሲሰጧት ሰንብተው፣ ከዚያ መነሳት ሲያቅታት ለባጃጁ ከኪሳቸው ከፍለው ነው ያመጧት። መጀመሪያ ነክሳችኋለች ወይ፣ ቧጭራችኋለች ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። የጎዳና ውሻ ስትመጣ ይሄ ሳይጠየቅ ሌላ ነገር አይጀመርም። አልነከሰችም።

እኔ በአንድ ትንሽ ክሊኒክ የእንስሳት ጤና ረዳት ነኝ። አብዛኛው ሥራችን ከላም፣ ከበግና ከበቅሎ ጋር ነው። ውሻዋን ሳያት የጎድን አጥንቷ አንድ በአንድ ይቆጠራል፣ ድዷ ነጣ ብሏል፣ ሆዷ ግን ተነፍቷል። በትል የተጎዳ ቡችላም ልክ እንዲህ ነው የሚመስለው። መዘንኳት፣ 14 ኪሎ። ትል ነው አልኩ። አልቤንዳዞል የሚባለውን የትል መድኃኒት ፈጭቼ ከሥጋ ጋር ቀላቀልኩ።

ውሻዋን ይዛልኝ የነበረችው የክሊኒኩ ጽዳት ሠራተኛ ናት፤ እትዬ ነው የምንላት። ሳህኑን ላስጠጋ ስል እጄን ያዘችኝ።

«አንተ ልጅ፣ ጡቷን አይተኸዋል? ይቺ እኮ ክብድ ናት!»

አላየሁትም ነበር። ድዷን አይቻለሁ፣ ዓይኗን አይቻለሁ፣ ሆዷን ነክቻለሁ፣ ገልብጬ ጡቷን ግን አላየሁም። ሳየው የጡቶቿ ጫፍ ወጣ ወጣ ብሎ ቀላ ብሏል፣ ዙሪያው ያለው ፀጉር ሳስቷል፣ ወደ ኋላ እግሯ ያሉት ሁለት ጥንዶች ደግሞ ሞላ ብለው አብጠዋል። ሳህኑን አነሳሁት።

አልቤንዳዞል ጽንስ ሊያበላሽ ይችላል፣ በተለይ በእርግዝናው መጀመሪያ ላይ። ይህን ተምሬዋለሁ። ላም ብትሆን ኖሮ እጄ ወደ መድኃኒቱ ከመሄዱ በፊት ባለቤቱን «ኮርማ ያገኘችው መቼ ነው?» ብዬ እጠይቅ ነበር፣ እሱም ወሩን ቆጥሮ ይነግረኛል። ለዚች ውሻ ግን የሚቆጥርላት ሰው የለም። ልጆቹ የሚያውቋት ለሦስት ቀን ብቻ ነው። ስለዚህ ታሪኳን ከገላዋ ማንበብ የኔ ሥራ ነበር፣ እኔ ደግሞ ግማሹን ገጽ ዘልዬዋለሁ።

ዶክተሩ ሲመጣ ወዲያው «አዎ አርግዛለች» አላለም። ጡት ብቻውን አያስተማምንም፤ ከዚህ በፊት የወለደች ውሻ ጡቷ እንደተንጠለጠለ ሊቀር ይችላል፣ ሐሰተኛ እርግዝና ያለባትም ወተት ሊወጣት ይችላል። የሆዷን አንድ ጎን መታ አደረገና መዳፉን በሌላው ጎን ይዞ ጠበቀ፤ ሆዷ ውስጥ ያለው ውሃ ቢሆን ማዕበሉ እጁ ላይ ይመታው ነበር። አልመታውም። ከዚያ ለላሞች የምንጠቀምባትን ትንሽዬ አልትራሳውንድ አመጣ። እንደ ክንፍ የሚርገበገብ ልብ አሳየን፣ ቀጥሎ ሌላ፣ ቀጥሎ ሌላ። እትዬ እልል ልትል ስትል ውሻዋ እንዳትደነግጥ ብለን አፏን ያዝናት።

ግን ትሉም ነበረባት! ዓይነ ምድሯን በማይክሮስኮፕ ስናየው የወስፋት እንቁላል ሞልቶታል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ፦ በእናቲቱ ሥጋ ውስጥ ተኝቶ የኖረ የወስፋት እጭ ስታረግዝ ይነቃና በእትብት በኩል ወደ ቡችሎቹ ይሻገራል፣ ሳይወለዱ ይይዛቸዋል። ስለዚህ «እርጉዝ ናት፣ ምንም አትስጧት» ማለትም ልክ አይደለም። ዶክተሩ ፌንቤንዳዞል የሚባል ሌላ የትል መድኃኒት አዘዘላት፣ በእርግዝናው መጨረሻ ላይ የሚሰጥ ነው። ምግቧን ደግሞ በትንሽ በትንሹ፣ ቶሎ ቶሎ አደረግንላት፤ ማህፀኗ ሲሞላ ጨጓራዋ ቦታ ያጣልና።

የውሻ እርግዝና 63 ቀን አካባቢ ነው፣ እኛ ግን ስንተኛው ቀን ላይ እንዳለች አናውቅም። ስለዚህ ጠዋትና ማታ ሙቀቷን እለካ ነበር። ጤነኛ ውሻ ከ38 በላይ ነው። ልትወልድ አንድ ቀን ሲቀራት ወደ 37 አካባቢ ይወርዳል። በዘጠነኛው ቀን ማታ 36.9 አነበብኩ። ምግብ አልነካችም፣ ታለከልካለች፣ ጥግ ላይ ያለውን ጆንያ በፊት እግሯ ትቆፍራለች። እትዬ አሮጌ ጋቢዋን ከቤቷ አምጥታ አነጠፈችላት። እኔም ወደ ቤት አልሄድኩም። እያማጠች ግማሽ ሰዓት አልፎ ቡችላ ካልወጣ፣ ወይም የመጀመሪያው ሳይወለድ አረንጓዴ ፈሳሽ ከታየ ዶክተሩን መጥራት ነበረብኝ። ስልኬን በእጄ ይዤ አደርኩ።

ስድስት ወለደች። አንዱ ሞቶ ነው የወጣው። አምስቱ ጎህ ሲቀድ ይጠቡ ነበር።

ካርዳችን ላይ ከክብደቱና ከሙቀቱ መሀል በእስክሪብቶ አንድ መስመር ጨምሬአለሁ፦ «ሴት ከሆነች፣ ጡቷ ታይቷል?» ቡችሎቹ 2 ሳምንት ሲሞላቸው የመጀመሪያውን የትል መድኃኒታቸውን እኔው ሰጠኋቸው፣ አንድ በአንድ መዝኜ። ሊስትሮዎቹ ልጆች ሚዛኑን እያነበቡልኝ፣ እናትየዋም ጋቢው ላይ ተኝታ እያየችኝ።