ልጄ የአንጎል መናወጥ ከደረሰባት በኋላ ወደ ሜዳ የመለስኳት እንዴት ነው?

የ13 ዓመት ልጄ ኳስ በቴስታ ለመምታት ስትዘል ከሌላ ተጫዋች ጋር ጭንቅላት ለጭንቅላት ተጋጨች። ራሷን አልሳተችም፤ ወዲያው ተነሥታ መሮጧን ቀጠለች። ከሜዳው ዳር ሆኜ «ደህና ነሽ?» ስላት «ደህና ነኝ አባዬ» አለችኝ፤ እኔም አምኜ ጨዋታውን እንድትጨርስ ፈቀድኩ። የአንጎል መናወጥ የደረሰባቸው አብዛኞቹ ልጆች ራሳቸውን እንደማይስቱ፣ ምልክቱም ከሰዓታት በኋላ ሊመጣ እንደሚችል የተረዳሁት፣ ማታ ራሷን እያመማትና አንዱን ጥያቄ ደጋግማ እየጠየቀችኝ ሐኪም ዘንድ ስወስዳት ነው።

ሲቲ ስካን እንዲነሣላት ወተወትኩ። ሐኪሙ ግን ምርመራው የሚያሳየው የደም መፍሰስንና የአጥንት ስብራትን እንጂ መናወጡን እንዳልሆነ፣ የታወከው የአንጎል ሕዋሳት አሠራር መሆኑን አስረዳኝ። ደጋግሞ ካስመለሳት፣ ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ ሰውነቷን ካንፈራገጣት ወይም ከእንቅልፍ ለመንቃት ከተቸገረች ሳልዘገይ እንድመልሳትም አስጠነቀቀኝ።

ከዚያ በኋላ ከልክ በላይ ተጠነቀቅሁ። መጋረጃውን ዘግቼ፣ ስልኳን ወስጄ፣ ጓደኞቿን ከልክዬ አምስት ቀን አስተኛኋት፤ በቀጠሮዋ ዕለት ከሕመሙ ይልቅ ትካዜው ብሶባት ነበር። ፍጹም ዕረፍት ድሮ የሚሰጥ ምክር ነበር። በ2022 በአምስተርዳም የተሰበሰቡት የዘርፉ ባለሙያዎች የደረሱበት ስምምነት ግን በመጀመሪያዎቹ 24 እስከ 48 ሰዓታት ብቻ ቀለል ያለ ዕረፍትን፣ ከዚያም እርምጃንና የዕለት ተዕለት እንቅስቃሴን ይመክራል።

የረዳን አንድ ደብተር ነው። ራስ ምታቷን፣ ማዞሩን፣ ብርሃን ሲረብሻት የሚሰማትን፣ ትኩረቷንና እንቅልፏን ከ0 እስከ 10 በሚደርስ ነጥብ ማታ ማታ ራሷ ትመዘግባለች። በእንቅስቃሴ ምክንያት ነጥቡ ከመጀመሯ በፊት ከነበረው ከሁለት በላይ ከጨመረ ወይም ሕመሙ ከአንድ ሰዓት በላይ ከቆየ የዚያን ቀን እናቆማለን፤ በማግሥቱ እንሞክራለን። «ደህና ነኝ» የምትል ልጅ ቁጥር ስትጽፍ ለመዋሸት ትቸገራለች፤ ያም ሆኖ አንድ ጊዜ ጨዋታ እንዳያመልጣት ብላ ራስ ምታቷን ደብቃኛለች።

ከስፖርቱ በፊት ትምህርቱን አስቀደምን፤ በመጀመሪያ ግማሽ ቀን፣ ቀጥሎ ሙሉ ቀን ተማረች። ከዚያም ከእርምጃና ከቀላል ሩጫ ጀምራ ብቻዋን ኳስ ወደ መንዳት ተሸጋገረች፤ በየደረጃው ቢያንስ 24 ሰዓት እንቆይ ነበር። ግጭት ያለበት ልምምድ ምልክቶቹ ሙሉ በሙሉ ከጠፉና ሐኪም ከፈቀደ በኋላ ብቻ የሚመጣ ነው።

ከሁሉም የከበደኝ «ሁለት ሳምንት አይበቃም ወይ?» ለሚለው አሰልጣኝ መልስ መስጠት ነበር። የልጆች አንጎል ለማገገም እስከ አራት ሳምንት ሊፈጅ እንደሚችል፣ ሳያገግም ሁለተኛ ጊዜ ቢመታ ደግሞ እምብዛም ባያጋጥምም ለሞት የሚያደርስ እብጠት ሊከተል እንደሚችል ነገርኩት። ደስ አላለውም። ልጄም ለሁለት ቀን አኮረፈችኝ፤ ሐኪሟ የፈቀደላት በ26ኛው ቀን ነው።