መሪ ሲንቀጠቀጥ፦ ወደ ባላንስ ከመሄዴ በፊት የማያቸው ነገሮች

መሪው የሚንቀጠቀጥ መኪና ይዞ የሚመጣ ሰው ብዙ ጊዜ አንድ ነገር ይጨምራል፦ «አላይመንት አሠርቼው ነበር፣ አልተሻለውም»። አይሻለውም። አላይመንት የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል ነው። መኪናው ወደ አንድ ጎን ቢስብ፣ ጎማው በአንድ ወገን ቢበላ አላይመንት ልክ ነው። መሪን በ90 ላይ የሚያርገፈግፈው ግን የሚዞር ነገር ነው፤ አንድ ጎኑ የከበደ ጎማ፣ የጎበጠ ቸርኬ፣ የፍሬን ዲስክ ወይም ሰሚያስ (ከካምቢዮ ወደ ጎማው ኃይል የሚያደርሰው ዘንግ)። ከዚህ በታች ያለው እኔ የምከተለው ቅደም ተከተል ነው፤ ባላንስ፣ ማለትም የጎማውን ክብደት በማሽን ለክቶ በትንንሽ እርሳስ ማመጣጠን፣ ወደ መጨረሻው ይመጣል። ቁጥሮቹን 175/65 አር14 ጎማ ላለው ቪትዝ ነው የያዝኩት፤ አሠራሩ ለሌላውም ያው ነው።

መጀመሪያ መንዳት ነው። በኮዬ ፈጬ ኮብልስቶን ላይ ምንም አይለይም፣ መንገዱ ራሱ ያንቀጠቅጣልና። ጎማዎቹን በቀዝቃዛነታቸው በር ላይ በተለጠፈው ቁጥር ልክ ነፍቼ ከቱሉ ዲምቱ ወደ አዳማ ፈጣን መንገድ እወጣለሁ። ብዙ ቀን የቆመ መኪና ከሆነ የመጀመሪያዎቹን ከ15 እስከ 20 ደቂቃዎች አልቆጥርም፤ ከስር ጠፍጥፎ የቆየው የጎማ ክፍል ሞቆ እስኪመለስ ድረስ የውሸት ይንቀጠቀጣል።

ከ60 ጀምሬ በ10 በ10 እየጨመርኩ እያንዳንዱ ፍጥነት ላይ ትንሽ እቆያለሁ። በስንት እንደጀመረ፣ በስንት እንደጠፋ፣ የት እንደተሰማ እይዛለሁ። እጅ ላይ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የፊት ጎማ ነው፤ ወንበርና ወለል ላይ ከሆነ የኋላ። በ80 ጀምሮ በ100 ከበረታና ከዚያ በላይ ከለሰለሰ የክብደት ነገር ነው። ነዳጅ ስረግጥ መጥቶ እግሬን ሳነሳ የሚጠፋ ከሆነ የሰሚያሱን የውስጥ መገጣጠሚያ እጠረጥራለሁ፣ ጎማ ላይ ጊዜ አላጠፋም። ፍሬን ስይዝ ብቻ ከሆነ ወደ ዲስኩ ነው የምሄደው። መንገዱ ነፃ ሲሆን ማርሹን ባዶ አድርጌ እንዲንሸራተት እለቀዋለሁ፤ ንቅጥቃጡ ካልተቀየረ ሞተሩ ነፃ ነው።

ገና በ20 እና በ30 መሪው ግራ ቀኝ የሚወዛወዝ መኪና ግን ፈጣን መንገድ ላይ አይወጣም። ያ ብዙ ጊዜ ጎማው ውስጥ ያለው የሽቦ ንጣፍ መላቀቁ ነው። ክሪክ አስገብቶ ጎማውን ቀስ ብሎ ሲያዞሩት ጥርሱ አንድ ቦታ ላይ አብጦ ወይም ወደ ጎን ተጣሞ ይታያል። እጄን ላስኬድበት ስፈልግ ጓንት አደርጋለሁ፤ የወጣ ሽቦ እንደ ምላጭ ነው። እንዲህ ያለ ጎማ ባላንስ አይደረግም፣ አይጠገንም፣ ይጣላል። ያገለገለ ጎማ ስገዛ ጎኑ ላይ ያሉትን አራት ቁጥሮች የማነበው ለዚህ ነው፦ 2319 ማለት በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ማለት ነው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። በእኛ አቆጣጠር አንብቦ ገና ያልተመረተ ጎማ የገዛ የሚመስለው ሰው አለ።

የክብደት ነገር ከመሰለኝ መጀመሪያ የማየው ጭቃ ነው። በአቃቂ፣ በቱሉ ዲምቱና በኮዬ ፈጬ በኩል አፈሩ መረሬ ነው፣ ሲረጥብ የሚጣበቅ ጥቁር አፈር። ክረምት ላይ ቸርኬው ውስጥ በፍሬኑ በኩል ይጠቀጠቃል፤ መኪናው ቆሞ ሲያድር ወደ ታች ይንሸራተትና ጠዋት አንድ ቦታ ላይ ደርቆ ይገኛል። ላቫጆ የሚያጥበው ከውጭ ያለውን ነው። ከውጭ የሚያብረቀርቅ ቸርኬ ተፈትቶ ሲገለበጥ የእጅ መዳፍ የሚያህል፣ በጠመንጃ መፍቻ ካልሆነ የማይፈነቀል ቅርፊት ይወጣዋል።

ለምን ይህን ያህል እንደሚከፋ በቁጥር ላሳይ። ይህ ጎማ በአንድ ዙር 1.83 ሜትር ይሄዳል፤ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲሄድ በሰከንድ 15 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። ቸርኬው ጠርዝ ላይ ያለ የ20 ግራም ትርፍ በዚያ ፍጥነት በ3.3 ኪሎ ያህል ጉልበት ይጎትታል። በ50 ግን 0.8 ኪሎ ብቻ፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናልና። ከተማ ውስጥ የማይታወቀው ለዚህ ነው። የጭቃው ቅርፊት 200 ግራም ቢሆንስ? ጭቃው ሳይነሳ ባላንስ ከተደረገ ደግሞ የባሰ ነው፦ ማሽኑ ጭቃውን ቆጥሮ እርሳስ ያስለጥፋል፣ ጭቃው በሳምንቱ ሲረግፍ እርሳሱ ራሱ ትርፍ ይሆናል።

ከታጠበ በኋላ ቸርኬው መጉበጡን አያለሁ። የእጅ ፍሬን ስቤ፣ ለኋላ ጎማ ድንጋይ አስደግፌ፣ ማርሹን ባዶ አድርጌ ፊቱን በክሪክ አነሳለሁ። ጡብ አጠገቡ አስቀምጬ ጡቡ ላይ ጠመንጃ መፍቻ አጋድማለሁ፤ ጫፉ የቸርኬውን ጠርዝ ሊነካ ምንም እንዳይቀረው። ጎማውን በእጅ ሳዞር ጫፉ አንድ ቦታ ይነካል፣ ሌላ ቦታ ክፍተት ይተዋል። መለኪያዬ የባንክ ካርድ ነው፣ ውፍረቱ 0.76 ሚሊ ሜትር። ሰፊው ክፍተት ውስጥ አንድ ካርድ በግድ ከገባ እተወዋለሁ። ሁለት ተደርቦ ከገባ ቸርኬው ወይ ይቀናል ወይ ይቀየራል፤ እርሳስ የጎበጠን ነገር ክብ አያደርግም። የውስጡን ጠርዝ ማየት የግድ ነው፣ ጉድጓድ የሚያጎብጠው አብዛኛውን ጊዜ እሱን ነውና። መኪናው ሳይወርድ ጎማውን ከላይና ከታች ይዤ እነቀንቃለሁ፣ ከዚያ ከግራና ከቀኝ። ላይና ታች ከተላወሰ ኩሽኔታው (ጎማው የሚዞርበት ቤሪንግ) ወይም ቦል ጆይንቱ (የጎማውን እግር የሚይዘው ኳስ መገጣጠሚያ)፣ በግራ ቀኙ ብቻ ከሆነ የመሪው ቴስቲኒ (የመሪ ዘንግ ጫፍ መገጣጠሚያ) ነው። ቴስቲኒ ብቻውን አያንቀጠቅጥም፣ ትንሹን ንቅጥቃጥ ግን ያጎላዋል።

ቀጥሎ አቀማመጡ። ቸርኬው የሚተኛበትን የመሃል ብረት በሽቦ ብሩሽ እስኪነጣ እፍቃለሁ። እዚያ ላይ በአንድ ወገን የቀረ የ0.2 ሚሊ ሜትር ዝገት ጎማው ዳር ሲደርስ 0.8 ይሆናል። በቪትዙ የመሃል ብረት ላይ ወደ ቸርኬው ቀዳዳ የሚገባው ክብ ስፋቱ 54.1 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከገበያ የሚገዛው አሎይ ቸርኬ ግን ብዙ ጊዜ ቀዳዳው 67.1 ወይም 73.1 ነው። ልዩነቱን የሚሞላ የፕላስቲክ ቀለበት ከሌለ ቸርኬውን መሃል የሚያስይዙት ዳዶዎቹ ብቻ ናቸው፣ እነሱ ደግሞ እንዳጠባበቃቸው ነው። ዳዶው ከቸርኬው መቀመጫ ጋር መግጠም አለበት፦ ለሾጣጣ መቀመጫ ሾጣጣ፣ ለጠፍጣፋ መቀመጫ ጠፍጣፋ። ሳጠብቅ ጎማው ከመሬት ተነስቶ እያለ በመስቀል ቅደም ተከተል ነው፣ መጀመሪያ በለዘብታ፣ ከዚያ አውርጄ እስከ 103 ኒውተን ሜትር። ቶርክ ቁልፍ ለሌለው፦ 40 ሳንቲ ሜትር እጀታ ጫፍ ላይ 26 ኪሎ ያህል ግፊት ነው። በእግር ቆሞ መዝለል አይደለም።

እስከዚህ ካልተገኘ የፊቱን ጎማዎች ወደ ኋላ፣ የኋላውን ወደ ፊት አዛውራለሁ፣ በየጎናቸው። ከሁሉም ምርመራ የምወደው ይህንን ነው፤ ምንም አያስከፍልም። ንቅጥቃጡ ከእጅ ወደ ወንበር ከሄደ ጥፋቱ ከጎማዎቹ ጋር ነው። እጅ ላይ ከቀረ ጎማ ላይ ገንዘብ አላወጣም፣ ወደ ኩሽኔታና ወደ ሰሚያስ እመለሳለሁ።

ባላንስ የሚመጣው አሁን ነው፣ ስሄድም አጠገቡ ቆሜ ነው የማየው። የድሮው እርሳስ ሁሉ መነሳት አለበት። የማሽኑ ሾጣጣ ወደ መሃል ቀዳዳው በትክክል መግባት አለበት። ማሽኑ ዜሮ ካነበበ በኋላ ጎማው ተፈትቶ ግማሽ ዙር ዞሮ ዘንጉ ላይ እንደገና እንዲታሰር እጠይቃለሁ። አሁንም ዜሮ ወይም 5 ግራም ካለ ደህና፤ 15 ወይም 20 ካለ ሲታሰር መሃሉን ስቶ ነበር፣ የተለጠፈው እርሳስ ሁሉ ውሸት ነው። ጎሚስታው ሊያጉረመርም ይችላል፣ አንድ ደቂቃ ብቻ ነው የሚፈጀው። አንድ ቸርኬ ከ60 ግራም በላይ ከጠየቀ ጎማው ከቸርኬው ተላቆ ግማሽ ዙር እንዲዞር አደርጋለሁ፤ ብዙ ጊዜ ቁጥሩ ይወርዳል። አዲስ ጎማ ላይ ቢጫ ነጥብ ካለ ቀላሉ ጎኑ ነው፣ ከቫልቩ ጎን ይገባል። ቱቦ በማያስፈልገው ጎማ ውስጥ ካላማዳሪያ (የውስጥ ቱቦ) የተከተተበት ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ እሱን ማውጣት ነው። ካላማዳሪያ ውስጥ ሊታጠፍ ይችላል፣ ዛሬ ዜሮ ያነበበው ነገ ሌላ ነው።

ዲስኩን ያየሁት እንደሆነ ውፍረቱን በማይክሮሜትር በስምንት ቦታ እለካለሁ። የመቶኛ ሚሊ ሜትሮች ልዩነት ፍሬን ላይ ይታወቃል። በመኪናው ላይ እንዳለ መላጨት ወይም ሁለቱን መቀየር እንጂ አንዱን ብቻ አልቀይርም፤ አዲስ ሲገባም የመሃል ብረቱ ዝገት መፋቅ ግዴታ ነው፣ ያለዚያ አዲሱም ተጣሞ ይቀመጥና ጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትር ሳይቆይ ያው ንቅጥቃጥ ይመለሳል።

ሲጨረስ የእያንዳንዱን ጎማ ግራም በቸርኬው ውስጥ በቀለም እጽፋለሁ፣ ቫልቩ ከየትኛው ብሎን ፊት እንደነበርም ምልክት አደርጋለሁ። ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላ ዳዶዎቹን በዚያው 103 እንደገና እሞክራቸዋለሁ፤ ከአሎይ ቸርኬ አንዱ ወይም ሁለቱ ሩብ ዙር መውሰዳቸው ያጋጥማል።